የላባው መንጠቆ

ደጉን ከክልቲ ወንዝ ያወጡት በአንድ የመጋቢት ማለዳ፣ ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል ነበር። በግንባሩ ተደፍቶ ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ አለቱ ላይ ነበር። የማጥመጃ ዘንጉ ከጎኑ፣ ሦስት ዓሦች የያዘች ቅርጫቱ ከራስጌው ተቀምጣለች። ማጅራቱ ተሰብሯል። ገሚሱ ሰው አለቱ አዳልጦት ነው አለ። ታናሽ ወንድሙ አየነው ግን ሬሳውን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣና ለአልቃሾቹ አስረከበ። ከዚያም ምንሽር ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርዶ ወደ አበረ ቤት አቀና።

ደጉና አበረ በዚያ ወንዝ ምክንያት ዓይንና ናጫ ነበሩ። አበረ እንደ አባቶቹ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዱቄቱን ኩሬው ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ የመንደሩ ሰው ወርዶ ይለቅማል። ደጉ ደግሞ ውኃ ሊለካ ከመጣ ፈረንጅ የተማረው ሌላ ብልሃት ነበረው። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ መንጠቆው ላይ በክር ይጠመጥምና ውኃው ፊት ላይ እንደ ዝንብ ያሳርፈዋል፤ ዓሣውም ዘሎ ይውጠዋል። ደጉ ብርብራው የዓሣውን ግልገል ሁሉ ፈጀብን እያለ አበረን ሲከስ ከረመ። ባለፈው እሑድ አበረ ሰው ፊት፦ «አንድ ቀን አንተኑ ብርብራ አጠጣሃለሁ» ብሎት ነበር።

አየነው መንገድ ላይ ከዳንግላ በበቅሎ የሚመጣውን አምሳ አለቃ ምህረቴን አገኘ። ደጉ ማታ ከወንዝ ሳይመለስ ቢቀር ጭቃ ሹሙ በሌሊት ልኮበት ነው። አምሳ አለቃው አጭር፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ደም ልመልስ።»

«ከማን?»

«ከአበረ ነዋ። ሌላ ማን አለው?»

«አበረ ከሆነ ማታም የትም አይሄድ። ካልሆነ ግን አንተ አበረን ትገድላለህ፣ የአበረ ወንድሞች አንተን ይገድላሉ፣ ደጉን የገደለው ሁላችሁንም እያለቀሰ ይቀብራል። ጀንበር እስክትጠልቅ ስጠኝ።»

አየነው አሰበና እሺ አለ። ነገር ግን ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ማንንም እንደማይሰማ በወንድሙ ሬሳ ማለ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ምህረቴ ሬሳው የወደቀበትን ትቶ ቅርጫቷ አጠገብ ተቀመጠ። የዓሦቹን አፍ አንድ በአንድ እየከፈተ በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ አየነውን ጠርቶ ከንፈራቸውን እንዲያይ አደረገው። አንዱም ጋ የመንጠቆ ቀዳዳ አልነበረም።

«የብርብራ ዓሣ ነው!» አለ አየነው፤ ደሙ ፈላ። «አላልኩዎትም?»

አምሳ አለቃው ወደ ዘንጉ አለፈ። ዘንጉን አንሥቶ መንጠቆውን አየ። ላባው ላይ አንድ ወፍራም የመሬት ትል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰክቶበታል። መንጠቆውን ከነትሉ በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። አየነውም አይቶታል፤ ግን ንዴት የያዘው ዓይን አይቶ አያይም።

አበረን ደጁ ላይ ሽሮ ሲበላ አገኙት። ጠቡን አልካደም። ትናንት ረፋድ ላይ ታችኛው ኩሬ ብርብራ በትኖ እንደነበር፣ አገሩ ሁሉ ዓሣ እንደለቀመ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደተኛ ተናገረ። የሚመሰክርለት ሚስቱ ብቻ ነበረች። አየነው ምንሽሩን ሲያነካካ አይቶ፦ «አንተ ልጅ፣ ብትተኩስም እንጀራዬን ልጨርስ» አለው።

የደጉ ሚስት የየሻረግ ወንድም ነጋም ትናንት ከሰዓት ወንዙን ሲሻገር ታይቷል። እህቱን በመምታቱ ደጉን እንደተቀየመው ያገር ሰው ያውቃል። የጠፋ በሬ ስፈልግ ነበር አለ፤ በሬው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ሦስተኛው አስማረ ነበር። ዳንግላ ጠጅ ቤት አለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በጾም በጾሙ በበቅሎ እየመጣ ከደጉ ዓሣ ይገዛል። ለመገነዣ አቡጀዲ ይዞ መጥቶ ከሁሉ በላይ ሲያለቅስ ነበር።

«ከሰዓት በኋላ አብሬው ተቀምጬ ነበር» አለ እንባውን እየጠረገ። «እነዚህን ሦስት ዓሦች ዓይኔ እያየ ነው በመንጠቆ ያወጣቸው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተሰነባብተን ሄድኩ። ዳገቱ ላይ አበረ ሲወርድ አልፎኛል።»

አየነው ይህን ሲሰማ ወደ ጀንበሯ ቀና ብሎ አየ።

ከቀብር መልስ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጭቃ ሹሙ አገሩን ገዳይ ለሚጣራበት አውጫጭኝ ሾላው ሥር ሰበሰበ። ምህረቴ የደጉን የመንጠቆ ከረጢት ከየሻረግ አስመጣ። ለአበረ፣ ለነጋና ለአስማረ አንዳንድ ባለላባ መንጠቆ ሰጣቸው፤ መሐላቸው በቅጠል ላይ ትል አኖረ። ደጉ ወንዝ ሲወርድ እንደሚያደርገው አዘጋጁልኝ አላቸው።

ነጋ ትሉን በእግሩ ገፋ አደረገው። አበረ ሳቀና በአገውኛ ቀለደ፦ «ላባው አይደል እንዴ ትሉ? እሱ ዝንቡን እቤቱ ሰፍቶ ነው የሚመጣ።» አስማረ ግን አንገቱን ደፍቶ ወፍራሙን ትል መረጠና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰካው። ቀና ሲል ሰው ሁሉ እሱን ያያል።

«ምን አጠፋሁ?» አለ። «እኔ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም።»

«እሱን ነው የምነግራቸው» አለ ምህረቴ። መሐረቡን ፈትቶ የሟቹን መንጠቆ አሳየ። «ይህ ትል የሟች እጅ የሰካው አይደለም። ሦስቱ ዓሦች ደግሞ ከንፈራቸው ደህና ነው፤ የብርብራ ናቸው። አበረ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ገዳዩ እሱ ቢሆን ኖሮ ያልተወጋ ዓሣ በመንጠቆ አጥማጅ ቅርጫት አይከትም፣ ላባም ላይ ትል አይሰካም ነበር። ይህን ያደረገው የደጉን አጠማመድ አንድ ቀን እንኳ ያላየ ሰው ነው። አስማረ፣ አንተ ግን ዓይኔ እያየ አወጣቸው ብለሃል።»

አስማረ ስለ ደጉ አጠማመድ ብዙ ጊዜ ሲያወሩ እሰማ ነበር ብሎ ጀመረ።

«ትሰማለህ፣ ትስቃለህም» አለ ምህረቴ። «አበረ ደጉን ዓሣ በዶሮ ላባ የሚያታልል እያለ በየድግሱ ሲቀልድበት አንተም አብረህ ስትስቅ ነበር አሉኝ። ቀልዱ ግን በአገውኛ ነው፤ አንተ አገውኛ አታውቅም። ሰው ሲስቅ አይተህ ነው የሳቅከው። አበረ፣ ትናንት ለዚህ ሰው ምን ሰጠኸው?»

«ለጾም ወጥ ብሎ ቢለምነኝ ሦስት ዓሣ» አለ አበረ። ሳቁ ጠፍቷል።

ምህረቴ ወደ አስማረ ዞረ። «ደጉ ገና ዘንጉን ሳይዘረጋ ነው ከኋላው በድንጋይ የመታኸው። እስከ ማታ ሲያጠምድ ነበር እንዲባል ባዶ ቅርጫቱን ሞላህ። አዳልጦት ነው ቢሉ እሰየው፤ ካላሉም አበረ አለልህ።»

አስማረ መንጠቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አላለቀሰም።

«የዛሬ አሥር ዓመት» አለ፣ «ደጉ ዳንግላ ችሎት ቆሞ በታላቅ ወንድሜ ላይ መሰከረ። ነጋዴ ሲገድል አይቻለሁ አለ። ሰቀሉት። ከገመዱ ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

«ውሸት መስክሮ ነበር?» አለ ምህረቴ።

«አይ፤ ያየውን ነው የተናገረ። ቢሆንም ወንድሜ ነበር።»

አየነው ምንሽሩን ደገነ። ሰው ግራና ቀኝ ተከፈለ። አስማረ አልሸሸም፤ እንዲያውም ደረቱን ሰጠው። ያን ሲያይ አየነው አፈሙዙን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

«አይሆንም» አለ። «በአንድ ጥይት አትገላገልም። ያንተን ሬሳ ማን እንደሚያወርደው ቆሜ አያለሁ።»

ምህረቴ አስሮ ሲወስደው አየነው ዳንግላ ድረስ ከኋላው ተከተለው። መንገዱን ሁሉ ማጅራቱን ብቻ እያየ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት አስማረ በገበያው ዳር ተሰቀለ። አየነው ከንጋት ጀምሮ ፊት ለፊቱ ቆመ። ገበያው ሞልቶ ተበተነ፤ ሬሳውን ብሎ የመጣ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት የተጣጠፈ ነጠላ በብብቷ ይዛ በዝግታ መጣች። ዘበኛው ገመዱን ሊፈታላት ቆመ። አሮጊቷ ዙሪያውን ብታይ ከአየነው በቀር ሰው የለም።

«ልጄ፣ እኔ አቅም የለኝም። እግሩን ያዝልኝ።»

አየነው ቀርቦ ያዘው።

«እግዜር ይስጥህ። የማን ልጅ ነህ?»

የአባቱን ስም ነገራት፣ የወንድሙንም ጨመረ። አሮጊቷ የደጉን ስም ከዚህ ቀደም በሁለቱም ልጆቿ ችሎት ሰምታዋለች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላውን መሬት ላይ ዘረጋች።

«በል እንግዲያ፣ ከፍ አድርገህ ያዝ» አለችው።