የአባቷ አፍ

ከወላጆቿ ጋር ወደ ሰው አገር ስትገባ የወተት ጥርሷ እንኳ አልወለቀም ነበር። ቋንቋውን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ለመደችና በዚያው የቤቱ አፍ ሆና ቀረች። ሐኪም ቤትም፣ አከራይ ዘንድም፣ ትምህርት ቤትም። አስተማሪዋ ስለ እሷ ያቀረበውን ስሞታ ለአባቷ የተረጎመችው ራሷ ነበረች። የስሞታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

አናጢውን ያገኘችውም በዚሁ ሥራዋ ነው። የሳሎኑን መስኮት ሊቀይር መጣ። የብረት በያጅ የሆነው አባቷ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ተንጋዷል በይው! ዓይን የለውም እንዴ ይሄ ሰውዬ?»

«አባቴ ትንሽ ቢስተካከል ደስ ይለዋል» አለችው በእሱ ቋንቋ።

አናጢው መጀመሪያ የአባቷን ፊት፣ ቀጥሎ የእሷን አየ። «ፊታቸው ግን ከዚህ የበለጠ ብሏል።»

ሳቋ አመለጣት።

መስኮቱ በዚያው ቀን ተስተካከለ። አናጢው ግን «እንዴት ሆነላችሁ?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰ።

ዓመት አልፎ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አናጢው ለጋብቻ ሊጠይቃት በተተኮሰ ሸሚዝ ወላጆቿ ፊት ተቀመጠ። እንዴት እንደሚወዳት፣ ያለ እሷ ቤቱ ቤት እንደማይሆንለት፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ረጅም ተናገረ። አባቷ ፊት «ይወደኛል» ማለት አቃታት።

«በጣም ያከብራችኋል» አለች።

«ይሄን ሁሉ ለፍልፎ ይቺን ብቻ ነው ያለው?» አለች እናቷ።

አባቷ አልሳቀም። «እሱ ከወሰደሽ እኔ በምን አፌ ልኑር? ሐኪሙ ያለውን ማን ይነግረኛል? ንገሪው ልጄ።»

ይህን ማለስለስ አልቻለችም። ቃል በቃል ነገረችው፤ ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረ። እሷም ያኔ ቁርጧን አወቀች፤ አባቷ እምቢ ካለ ትታው አትሄድም።

አባቷ እንባዋን አየ። ወንበሩን ወደ አናጢው ሳበ። ትስቅብኛለች ብሎ ስለሚፈራ የአገሩን ቋንቋ በልጁ ፊት ሞክሮት አያውቅም።

«ልጄ...» አለ በዚያው ቋንቋ፣ ቃሉን እየፈለገ። «ልጄ... አንተ ጋር... ደህና?»

«ደህና» አለ አናጢው ቀስ ብሎ። «በጣም ደህና።»

እንደ ልማዷ ልታግዛቸው አፏን ስትከፍት እናቷ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። «ተያቸው እስቲ!»

ዛሬ ልጆች ወልዳ አሳድጋ፣ ስለ ሠርጓ ሲያነሱባት ቀድሞ ትዝ የሚላት ያ ከሰዓት ነው። ሁለቱ ወንዶች እየተንተባተቡ ስለ እሷ ሲያወሩ፣ እሷ እንደ ማንም የቤት ልጅ ዝም ብላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።