ገጀራና ነጎድጓድ

ሀብተ ማርያም በመሣሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ገጀራ ማጅራቱን ሰንጥቆት ደሙ እስከ ስክሪኖቹ ተረጭቷል። በአንድ ዲሽ ጀምሮ ቦንጋን፣ ዋጫንና ሺሺንዳን በኬብል ቴሌቪዥን ያዳረሰው ሰው የተገደለው፣ ድርጅቱን ለአዲስ አበባ ኩባንያ ሊሸጥ ቀጠሮ በያዘበት ዕለት ነው።

ኢንስፔክተር ሩሀማ ስትደርስ ቴክኒሻኑ ደጉ በካቴና ታስሮ ነበር። ገጀራው መስመር ሲዘረጋ ቅርንጫፍ የሚመነጥርበት ነው።

«ከተሸጠ ትባረራለህ ተብለህ ነበር?»

«አዎ፣ ተጣልተናል። ግን ጋሼን አልነካሁም! ዝናቡ ሲመጣ ገበያ ነበርኩ።»

ገዢውን ያመጣው፣ ሒሳብ ብቻ የሚይዘው ሸሪኩ ተስፋሁን ሳቀ። «ማን አየህ? ዶሮዎቹ?»

«ጋሽ ተስፋሁን፣ ሬሳ ፊት ይሳቃል እንዴ?» አለች የካፊኖኖ ቋንቋ ዜና አንባቢዋ ሰብሌ።

«አንቺም ፕሮግራምሽ ሊዘጋ ነበር፤ አትመጻደቂ።»

ሩሀማ ከጣሪያው የሚወርደውን ዋና ኬብል ታያለች። በአንድ ምት ተቆርጧል፤ ጫፉ ላይ ደም አለ።

«ደጉ፣ ነጎድጓድ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ይህን እንነቅላለን። ካልሆነ መብረቅ ማሽኑን ይፈጀዋል።»

«በምን?»

«በጣት ነዋ! ጠምዘዝ ማድረግ ነው።»

ሩሀማ ሁሉንም ስቱዲዮ ውስጥ ሰበሰበች። የሟች ባለቤት ዙፋን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ካሜራው አጠገብ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«ኬብሉ የተቆረጠው ደም በነካው ገጀራ ነው» አለች ሩሀማ። «ስለዚህ ገዳዩ ከገደለ በኋላ ነጎድጓድ ሰምቶ ማሽኖቹን አድኗል። ሽያጩን የሚጠሉት ደጉና ሰብሌ ግን ማሽኖቹ ቢቃጠሉ ምን ገዷቸው? የሚሸጥ አይኖርም ነበር። ደጉማ ቢሆን በጣቱ ይፈታዋል።»

«ወራሿ ዙፋንስ?» አለ ተስፋሁን።

«የመጀመሪያውን ኬብል የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለች ዙፋን። «በጣቴ።»

«እንግዲህ ማሽኖቹ እንዲተርፉ የሚፈልግ፣ ኬብል መፍታት ግን የማያውቅ አንድ ሰው ቀረ። አቶ ተስፋሁን፣ እርስዎ ነዎት።»

«እብደት ነው! ሊፈርም የነበረን ሰው ለምን እገድላለሁ?»

ዙፋን ቀና አለች። «ጠዋት አልሸጥም ብሎኝ ነው የወጣው። ለተስፋሁን ልንገረው አለኝ።»

«ዕድሜ ልኬን የለፋሁበትን በአንድ ቃል አፈረሰው!» ተስፋሁን ካሜራውን ገፍትሮ ዘሎ አንገቷን ያዘ። አንድ ፖሊስ በዱላ ክንዱን ሰበረው፤ እየጮኸ ወደቀ።

ፖሊሶቹ ማስረጃቸውን ሰብስበው ሲጨርሱ ዙፋን አዲስ ኬብል አንስታ በጣቷ ጠመዘዘችው። በስክሪኑ ላይ፣ ከደረቀው የባሏ ደም ኋላ፣ ምስል መጣ።

ደጉ ካቴና የላጠውን እጁን እያሸ ቆሟል።

«ካሜራውን አንሳው» አለችው። «ሰብሌ፣ ቦታሽን ያዢ። ሞቱን ሰው ከሌላ እንዳይሰማ።»