ያልደማችው እንቁራሪት

የባዮሎጂ መምህርቷ በጠዋት ከቤተ ሙከራው ረጅም ጠረጴዛ ሥር ሞታ ተገኘች። ፊቷ አጠገብ በክሎሮፎርም ማደንዘዣ የራሰ ጥጥ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ፣ ሰም በፈሰሰበት ሳህን ውስጥ፣ እጅና እግሯ በመርፌ የተወጠረ፣ ሆዷ የተቀደደ እንቁራሪት ነበረች።

መርማሪዋ ስትደርስ ተማሪዎች «ጋሼ ፎርማሊን» የሚሏቸው የቤተ ሙከራው ጠባቂ እጃቸው በካቴና ታስሯል።

«አደጋ ነው እንዳንል ክንዷ በልዟል» አለ ፖሊሱ። «የክሎሮፎርሙ ቁም ሣጥን ቁልፍ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው።»

«ትርፍ ቁልፍ የለም?»

«ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ አለ።»

ተማሪዎች መስኮቱ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሲያባርሯቸው ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ከሷ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እኔ የምጣላው ከሚስቴ ጋር ነው፤ ለሌላ ሰው ጊዜም የለኝ» አሉና የታሰረ እጃቸውን አነሱላት። «ልጄ፣ ባልገደልኩት ሰው ልታሰር ነው?»

«እንቁራሪቷን ስታደነዝዝ ታፍና ይሆን?»

«ብቻዋን? በፍጹም! ተማሪዎቹ ፊት ነው የምታደነዝዘው። ሆዷ ሲከፈት ልቧ ሲመታ ማየት አለባቸው ትላለች። ለዛሬም በሕይወት ያሉትን በባልዲ አምጥቼላታለሁ፤ ያው፣ ይዘላሉ።»

ረዳት መምህርቷ ወጣት ናት። አንዴ ትቀመጣለች፣ አንዴ ትነሳለች፤ በእጇ ያለውን ሶፍት ቦጫጭቃ ጨርሳዋለች።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለቻት መርማሪዋ።

«እሺ» አለችና ቆመች።

«የደበቅሽኝ ነገር አለ።»

«እኔ አልገደልኳትም!»

«እሱን መች ጠየቅኩሽ?»

ልጅቷ ወደ በሩ ተመለከተች። «ነገ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ልትመሰክር ነበር። ምክትሉ በጥፊ መትቶ ጆሮውን ስላደነቆረው ልጅ።»

«ሌላ ያየ የለም?»

«የለም» አለች፤ ድምጿ ግን አልረጋም።

ምክትል ዳይሬክተሩ መርማሪዋን በፈገግታ ተቀበላት።

«እህቴ፣ እኔ የጂኦግራፊ ሰው ነኝ። የዚያ ክፍል ሽታ ስለሚያጥወለውለኝ ዘንድሮ ደጁንም አልረገጥኩ። ምስኪን! እንቁራሪት ስታደነዝዝ ነው አሉ።» እያወራ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ አሽትቶ ፊቱን አኮሳተረና እጁን ጠረጴዛ ሥር ከተተ።

መርማሪዋ ወደ ሳህኑ ተመለሰች። መርፌውን ነቅላ የእንቁራሪቷን እግር በወረንጦ አነሳች። እንደ እንጨት ደርቋል። ሥጋዋ አመድ መስሏል፤ ሰሙ ላይ ጠብታ ደም የለም።

ሁሉንም እዚያው ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ይህች እንቁራሪት ዛሬ አልሞተችም። የሞተ እንስሳ እንዳይበሰብስ ከሚነከርበት የፎርማሊን ጠርሙስ የወጣች ናት። ታዲያ የሞተች እንቁራሪት ማን ያደነዝዛል?»



«ገዳዩ ጥጡን መምህርቷ አፍንጫ ላይ አፍኖ ያዘ። ከዚያ አደጋ ለማስመሰል እንቁራሪት ፈለገ። ጋሼ ወይም ረዳቷ ቢሆኑ ኖሮ ከባልዲው አንዷን ያወጡ ነበር። የፎርማሊኗን ያነሳው በሕይወቱ እንቁራሪት ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጓንት ማድረግም አላወቀም። ፎርማሊን ውስጥ ባዶ እጁን የከተተ ጣቱ ይነጣል፣ ይጨማደዳል፤ ሽታውም በሳሙና ቶሎ አይለቅም። ምክትል ዳይሬክተር፣ እጅዎን ያሳዩን።»

ሰውየው እጁን ኪሱ ውስጥ ወሸቀ። «በአንዲት እንቁራሪት ልትወነጅይኝ ነው?»

«እሷማ የመራችኝ ልጁን ወደመታው እጅ ነው።»

ፖሊሱ እጁን ጎትቶ አወጣው። የጣቶቹ ጫፎች ነጥተው ተጨማድደዋል። ምክትሉ ጮኸ፦ «ተዪው ብያት ነበር! ለአንድ ጥፊ የሃያ ዓመት ስሜን ልታጠፋው!»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። ጋሼ ፎርማሊን አንጓቸውን እያሻሹ ቆዩ።

«የልጁ ነገርስ?» አሉ። «ነገ ማን ሊናገርለት ነው?»

ረዳት መምህርቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ልጁን ሲመታው እኔም በመስኮት አይቻለሁ» አለች። «ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሷ ትናገራለች፣ እሷ ትበቃለች ብዬ...» ፊቷን ገልጣ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ኮሚቴው የሚቀመጠው የት ነው?»