የግራው ፓራፋንጎ

በስሟ የምትጠራት እናቷ ብቻ ነበረች፤ ለቀረው ሰው ሁሉ ምላጭ ነች። ስሙን ያወጡላት ጋሼ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ሰውዬ። መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት ስለ ካርቡራተር ሊያስተምሯት ጀመሩና ገና ወሬው ሳይሞቅ አረመቻቸው። «ይቺ ልጅ ሳሙና ሳትቀባ ነው የምትላጨው» አሉ። ሰው ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ተጣበቀባት።

እሷም አልጠላችውም። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ሳሎኑ ጥግ በተቀመጠችው የስፌት መኪና የሰው ቀሚስ እያጠበበችና እያሰፋች እናቷን ታስተዳድራለች። ሞተር ግን ማንም አላስተማራትም። አባቷ ሲሞት ትቶላት የሄደውን አሮጌ መኪና እየፈታች፣ እያበላሸች፣ ተደብቃ እያለቀሰች፣ መልሳ እየገጠመች ነው የለመደችው። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «ብሎኑ» ትላለች።

መኪናዋ ጎባጣ ናት፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ። ኤሊ ይሏታል። ከግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጎማዎቿ ተንፍሰው፣ የጎረቤት ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል እየጣለች ብዙ ክረምት አሳለፈች።

አሮጌ መኪና መውደድ በሽታ ነው፣ በሽተኛም ቢጤውን አያጣም። ጋሼ አንድ ቀን በበሩ ሲያልፉ የኤሊን ጀርባ አዩና ሳይጠሩ ገቡ። በሳምንቱ የጥርስ ሐኪሙን ይዘው መጡ፤ ሐኪሙ የካርቡራተር ቀዳዳ የሚጠርገው ጥርስ በሚጎረጉርባቸው መርፌዎች ነው፣ በሽተኞቹ ይህን ባያውቁ ይሻላል። ቀጥሎ ላሜራ ሠሪው መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንዱ ቤት ተሰብስበው የዚያን ቤት መኪና ይሠራሉ። ክፍያቸው ሻይና ክርክር ነው።

ላሜራ ሠሪውን መጀመሪያ ስታየው ዲዳ መስሏት ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ብረት ከመምታቱ በፊት የሚያዳምጥ ሰው። እሷ ራሷ ያቃናችውን በር በጣቱ ቆርቆር አደረገው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ዓይንሽን ነው ያመንሽው።»

«ማንን ልመን? አንተን?»

«እጅሽን። ልዋሰው?»

«መልሰህ የምትሰጠኝ ከሆነ።»

ስስ ጨርቅ መዳፏ ላይ ጣል አደረገና እጇን በሩ ላይ አሳረፈ። ዓይኗን እንድትጨፍን ነገራት። ዓይን በቀለም ይሸነገላል፣ መዳፍ አይሸነገልም አለ። እጁ በእጇ ላይ ሆኖ ቀስ ብለው ሲንሸራተቱ፣ ለጥ ያለ ሜዳ የመሰላት ላሜራ ጉብታና ረግረግ የሞላበት አገር ሆነ። የበሩ ጫፍ ሲደርሱ ትምህርቱ አልቋል። እጁ ግን አልተነሣም፣ የእሷም ከሥሩ አልወጣም። ከመኪናዋ ሥር የተኙት ጋሼ ሳያማቸው ሳሉ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልደርስ እያለች ታስቸግራት ጀመር።

እናቷ ዓይኗ ስል ነው። የጥርስ ሐኪሙን በወሬ አስገብታ የላሜራ ሠሪውን ዘር ጠየቀች። አባቱም አያቱም ብረት አግለው ማረሻና ቢላ የሚያወጡ ቀጥቃጮች ነበሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻይ ሲቀርብ ለሁሉም ብርጭቆ፣ ለእሱ የተላላጠች የቆርቆሮ ኩባያ ሆነች። አመስግኖ ጠጣ። ምላጭ ያየችው ዘግይታ ነው። ባየች ጊዜ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ ኩባያዋን ከእጁ ወሰደች፣ የተረፈውን ሻይ እናቷን ፊት ለፊት እያየች ጨለጠችው። እሱ መዶሻውን አንሥቶ ወደ ሥራው ዞረ፣ ለረጅም ጊዜ ግን ምንም አልመታም።

ማታውን ቤቱ ታመሰ። እናቷ፣ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ፣ አባትሽ ቢሰማ ምን ይላል፣ የቀጥቃጭ ዘር በዚህ በር ሊገባ ነው ወይ እያለች አለቀሰች። ምላጭ አላለቀሰችም።

«እማዬ፣ ያቺን ቃል ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳልሰማ።»

እናቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቃሉም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ጠፋ፤ ኩባያዋም ጠፋች።

እሱ ስለ ጠቡ ማንም ሳይነግረው ያወቀ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ከሞተሩ አጠገብ ቀረና፣ ኤሊ በገዛ እግሯ ከዚህ በር የወጣች ዕለት ጋሼን ይዞ እናቷን ሊያነጋግር እንደሚፈልግ ነገራት። ይህን ሲል የሚያየው ካንዴላውን ነው።

«እማዬ እምቢ ብትልስ?»

«አንቺስ?»

«እኔ እምቢ ስል ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም፤ እሺ ስልም አላስፈቅድም።»

ሳቀ። ሲስቅ ያየችው ገና ያኔ ነው፣ ፊቱ በአንዴ የሌላ ሰው፣ ታናሽ ወንድሙ የሚመስል ልጅ ፊት ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ኤሊን የምትሠራው ለአባቷ መታሰቢያ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ የሚጠብቅ ብሎን ወደዚያ በር የሚጠጋ እርምጃ ሆነ።

ሞተሩ አለቀ፣ ፍሬኑ አለቀ፣ ወንበሮቹን ራሷ ሰፋች። የቀረው አካሏ ነበር። የአካል ሥራ ሲጀመር ደግሞ በመካከላቸው ሕግ አለ፦ ባለቤቱ ጠመኔ ይዞ መኪናውን ይዞራል፣ እንዲቃና የሚፈልገውን ሁሉ ይከባል። ያልተከበበ አይነካም። ለምን ተብሎም አይጠየቅም። «አሮጌ መኪና የያዘ ሰው አንድ የማይናገረው ነገር አያጣም» ይላሉ ጋሼ።

ምላጭ ዞረች። የኋላውን በር ጭረት ከበበች፣ የኮፈኑን ጥግ ከበበች፣ የጣሪያውን እብጠት ከበበች። ከግራው የፊት ጎማ በላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ መዳፍ የሚያህል ስርጉድ ነበር። እሱን አልፋው ሄደች።

ልጅ ሳለች አባቷ መሪ ሲያስጨብጣት ከግቢው በር ምሰሶ ጋር ያጋጨችው ነው። አባቷ ወርዶ አየው፣ አጎንብሶ አየው፣ «እንግዲህ ፈረምሽባት» አለ። ጓደኞቹ አስጠግነው ሲሉት፣ የልጄን ፊርማ ማንም አይፍቀውም እያለ ኖረ። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ብትናገር ድምጿ እንደሚከዳት ታውቃለች፣ ምላጭ ደግሞ ሰው ፊት አታለቅስም።

ላሜራ ሠሪው ፓራፋንጎው ዘንድ ተንበረከከ። «ይህን ረሳሽው» አለ። ሕጉን መጣሱ አልነበረም፤ እውነትም የረሳችው መስሎት ነው።

ሁሉም ያያታል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«አልረሳሁትም። ላንተ አዝኜ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ላሜራ የሚያወጣ እጅ ገና አልተወለደም።»

የጥርስ ሐኪሙ፣ ተላጨህ ወንድሜ አለው። ላሜራ ሠሪው ፈገግ እንዳለ ጠመኔውን ከጣቶቿ መሐል ስቦ ወሰደና ስርጉዱን በራሱ እጅ ከበበው። ጣቱ ጣቷን ነካ። ያ የታናሽ ወንድም ፊት መጣ። እጇን ዘርግታ ክቡን ልታጠፋው ትችል ነበር፤ ግን ሳቁን ማቋረጥ አሳሳት። ኋላ አጠፋዋለሁ አለች በልቧ።

ማግስቱን የእናቷ እህት ጠናባት ተብሎ ተጠሩ። እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ምላጭ የግቢውን ቁልፍ ለጋሼ ሰጠች። ክቡ ትዝ ያላት አክስቷ ራስጌ ተቀምጣ ነው፤ እኔ ሳልኖር አይሠሩም ብላ ራሷን አጽናናች።

የተመለሱት ቅዳሜ ነው። አክስቷ ተርፋለች። በሩን ስትከፍት ኤሊ ከጥላዋ ወጥታ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ የድሮ ሰማያዊ ቀለሟን ለብሳ። ሦስቱም ንጹሕ ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል። ሳምንቱን ሙሉ በየማታው እየመጡ ነበር አካሏን የጨረሱት።

ለአንድ አፍታ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ኤሊ ላይ አሳረፈች፣ እሱ እንዳስተማራት። በሩን፣ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን እያለች ዞረች። ግራው ፓራፋንጎ ላይ ስትደርስ እጇ ቀድሟት ሄደ። ስርጉዱን ፈለገ። ተመልሶ ፈለገ። ላሜራው እንደ ረጋ ውሃ ነበር።

«ስቱኮ አልነካውም» አለ ላሜራ ሠሪው ከኋላዋ። እንደዚያ ብዙ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። «ቀዳዳ እየሞላሁ አይደለም ያቃናሁት። በመዶሻ ብቻ ነው፣ ከውስጥ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ። ከዚህ የበለጠ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።»

«ማን ንካው አለህ?»

«ምን?»

«ማን ንካው አለህ?»

ፈገግታው ገና አልወረደም። «አንቺ ነሻ። እጅ አልተወለደም አላልሽም? ክቡንም አላጠፋሽው።»

እውነት ነው። እውነት በመሆኑ ነው የባሰባት። የአባቷ ድምፅ፣ የዚያች ቀን ፀሐይ፣ የምሰሶው ኳኳታ ሁሉ ከላሜራው ጋር ተቃንቶ ሄዷል፣ መልሶ የሚያመጣው የለም። የመጣባት ልቅሶ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ልቅሶ አልነበረም።

«ድሮስ! የቀጥቃጭ ዘር ብረት ካየ እጁ መች ያርፋል።»

የጥርስ ሐኪሙ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እናቷ የጉዞ ሻንጣውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

ላሜራ ሠሪው ፓራፋንጎውን አየው፣ ከዚያ እሷን። ቧንቧው ዘንድ ሄዶ እጁን ታጠበ። ንጹሕ የነበረውን እጅ ነው፣ በሳሙና፣ ሳይቸኩል የታጠበው። መዶሻዎቹን በጨርቃቸው ጠቀለለ።

«ደህና ዋሉ ጋሼ» አለና ወጣ።

ጋሼ አልተቆጧትም። የኤሊ መርገጫ ላይ ተቀምጠው እስክትናገር ጠበቁ። የስርጉዱን ነገር ነገረቻቸው፣ ድምጿም እንደፈራችው ከዳት።

«ይህን ያኔ ብትይው ምን ነበረበት ልጄ?»

«ሰው ነበረ።»

«ዛሬስ አልነበረም?» አሉ ጋሼ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በሌላኛውም። ጋሼ ቤቱ ሄደው ተመለሱና፣ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበታል አሉ፤ ሲዋሹ ጆሯቸውን ያካሉ። የቀረችውን ትንሽ ሥራ ያለ እሱ ጨረሱ። ኤሊ በገዛ እግሯ ከበሩ የወጣች ዕለት ማንም አላጨበጨበም። ምላጭ ብቻዋን ነዳቻት፣ በቀጥታ ወደ ላሜራ ሠሪው ጋራዥ።

የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይቶት ኖሮ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ደህና ትተነፍሳለች» አለ።

ወረደች። ስትነዳ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፣ ግማሹ ራሷን የሚከላከል። ተወችውና ስለ አባቷ ነገረችው። እሱ ጨርቅ እጁ ላይ እየጠቀለለ እየፈታ ሰማት።

«ባውቅ ኖሮ እጄ ይቆረጥ ነበር እንጂ አልነካውም።»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።» ቃሉን ለማንም ብላው አታውቅም፤ አፏ ውስጥ ልኳ ያልሆነ ቀሚስ ሆነባት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ ወዲያው። «የዚያኑ ቀን፣ የመንገዱን ጥግ ሳልዞር።»

ልቧ ተነሣ። «እንግዲያው ቅዳሜ...»

«አልመጣም።»

ከውስጥ አንድ ሰው ላሜራ ይመታል። እስኪያባራ ጠበቀ።

«እናትሽ ቢሉኝ አይከፋኝም» አለ። «ሳያውቀኝ የሚለኝን ሰው ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። ተናደሽ እጅሽን ስትዘረጊ መጀመሪያ ያገኘሽው ያቺን ቃል ነው። አብረን ብንኖር ወጥ ያርራል፣ ልጅ ይታመማል፣ ሰው ይናደዳል። በተናደድሽ ቁጥር እጠብቃታለሁ።»

«ሁለተኛ አልላትም።»

«አትያትም፣ አውቃለሁ» አለ። «እኔ ግን እጠብቃታለሁ።»

ተከራክራ ያላሸነፈችው ሰው አልነበረም። መልስ ፈለገች። ቢሰድባት መልስ ነበራት፣ ቢያባርራትም ነበራት። እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ለተነገረ እውነት ግን ምንም አላዘጋጀችም። በሩን ከፈተላት፣ ስትገባ ቀስ አድርጎ ዘጋላት፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ። በመስታወቱ አየችው፤ እስክትታጠፍ ድረስ አልገባም።

እናቷ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ እየጠበቀች ነበር። ምላጭ ሞተሩን ሳታጠፋ መሪውን እንደያዘች ቀረች።

«ምን አለሽ?» አለች እናቷ በመስኮቱ አጎንብሳ።

«አይመጣም።»

እናቷ ፊቷን አየችና እጇን ፀጉሯ ላይ ጣል አደረገች። እውነትም አዝናላት ነበር፤ ማጽናናት ፈለገች፣ የምታውቀው ማጽናኛም አንድ ብቻ ነው።

«ተይው ልጄ። ይሻልሻል። ድሮስ የቀጥቃጭ...»

ምላጭ ዞር ብላ እናቷን አየች፣ አፏንም ከፈተች። እናቷ ደንግጣ ቃሉን አፏ ውስጥ ይዛ ቀረች፣ የተለመደውን ቁጣ እየጠበቀች። ቁጣው አልመጣም። ልጅቷ አፏን መልሳ ዘጋች፣ ዓይኗንም ወደ መሪው መለሰች።

እናትም ትንሽ ጠብቃ ያቋረጠችውን ቃል እስከ መጨረሻው ተናገረችው። የሚከለክላት አልነበረም።