የያምሮት ሣጥን

የአቶ ደምለው ጉበት ከአልጋቸው አጠገብ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይሠራ ነበር። ነርሶቹ እንደ ማንኛውም ዕቃ አቧራውን ይጠርጉለታል፤ ጠያቂ ቦርሳውን ሊያስቀምጥበት ሲል «ኧረ ተው!» ይባላል። ምትክ ጉበት ይሉታል፤ ከቤተሰብ ሰው ከተወሰደች ቁራጭ የተራባ ሕያው ሥጋ ነው። የታማሚውን ደም በቀጭን ቱቦ ተቀብሎ፣ አጥርቶ ይመልሳል። ያውም የራሱ ጉበት እስኪያገግም ድረስ እንጂ ለዘለቄታው አይደለም።

ሣጥኑን የፈለሰፈችው ዶክተር ስንዱ ናት። ዕድሜዋን የጨረሰችው በጉበት ነው። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፣ ምሳዋን እንኳ በሰዓቱ በልታ አታውቅም። ያን ሰሞን ደግሞ እንቅልፍ አጣች። የአቶ ደምለው ጉበት እየዳነ ሲሄድ ሣጥኑ ሥራውን መቀነስ ነበረበት፤ እሱ ግን ቀን ስትቀንሰው ውላ ጧት ጨምሮ ታገኘዋለች። ቱቦ ለወጠች፣ ኮምፒዩተር ለወጠች። ወይ ፍንክች! በዚያ ላይ ደማቸው ቱቦው ውስጥ መርጋት ጀምሯል። አንዲት የረጋች ጠብታ ወደ ሳንባ ከሄደች አለቀ።

ሌላም ጭንቀት ነበረባት። የሣጥኑ ሥጋ የተራባው ከልጃቸው ከያምሮት ነው። ያምሮት ደግሞ የፀሐይን ኃይል ከሰማይ ወደ ምድር የሚልከውን ጣቢያ ስትጠግን ሞታለች፤ አስከሬኗም አልተገኘም። ለታማሚ መርዶ አይነገርምና ዘመድ ሁሉ «እስኪያገግም» ብሎ ደበቃቸው። እህታቸው እትዬ ዘርትሁን ጥቁራቸውን ኮሪደር ላይ አውልቀው፣ ቢጫ ሻርፕ ጣል አድርገው ይገባሉ።

«ያምሮት ሰላም ብላሃለች። ኔትወርክ አስቸግሯት ነው» ይላሉ።

ዶክተር ስንዱም አብራ ትዋሻለች። ምን ታድርግ?

አንድ ጧት ቀደም ብላ ስትገባ፣ አቶ ደምለው ከአልጋቸው ተንጠራርተው የሣጥኑን ማዞሪያ ወደ ላይ ያዞራሉ።

«ጋሼ ደምለው! ምን እያደረጉ ነው? ራስዎን ሊገድሉ ነው እንዴ?»

እጃቸውን አላነሱም። «ከዳንኩ ትነቅይዋለሽ አይደል?»

«ታዲያስ! ለዚህ አይደል የለፋነው?»

«እሷስ?»

«እሷ ማን?» አለች ዶክተሯ።

«ዘርትሁን ውሸት አትችልበትም» አሉ ሽማግሌው። «ቢጫ ነፍሷ አይወድም፤ የማደያ ሠራተኛ ያስመስለኛል ትል ነበር። አንቺም ብትሆኚ ጎበዝ ውሸታም አይደለሽም።»

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«እንዲያ ሲደክሙልኝ እንዴት አሳፍራቸዋለሁ? ደግሞስ… ከልጄ የቀረኝ ይኸው ነው። አፈር እንኳ አልለበሰችም።»

ዶክተሯ ማወቃቸውን ለዘመድ ነገረች፤ በማግስቱ ማለዳ ሁሉም ጥቁሩን ሳያወልቅ ገባ። መርዶው በወጉ ተነገረ። አቶ ደምለው ያመቁትን ሁሉ አወጡት፤ ደረታቸውን ሲደልቁ ቱቦው እንዳይነቀል ነርሶቹ ይዘው አብረው አለቀሱ። ለቅሶው በረድ ሲል ሽማግሌው ራሳቸው ዶክተሯን፣ «በይ እንግዲህ» አሏት።

የተነቀለ ሥጋ ወደ ማቃጠያ ይላካል። ደንቡን ያወጣችው ስንዱ ራሷ ናት። እትዬ ዘርትሁን ግን ነጠላቸውን አጥፈው ዘረጉና ከሣጥኑ ፊት ቆሙ።

«የትም አትሄድም፤ እኛ እንቀብራታለን።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ዶክተሯ እጇን ማዞሪያው ላይ አደረገች።

«ቆይማ» አሉ አቶ ደምለው። «ሲቆም ያማታል?»

ይህ ሥጋ ነርቭ እንደሌለው፣ የሚሰማው ነገር እንደሌለ ለስንቱ ተማሪ አስተምራለች። መልሱ አፏ ላይ ነበር። ወንበር ሳበችና ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቀስ ብዬ ነው የምቀንሰው፣ ጋሼ» አለች። «አላስደነግጣትም።»