አንደኛው የቱ ነው?

ቀያሹ የሞተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገና በተቆፈረው የመኪና ዋሻ ውስጥ ነው። መለኪያ መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ ጣሪያው ወረደበት። ሠራተኞቹ ከድንጋዩ ሥር ሲያወጡት ትንፋሹ የለም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋ ተጠራች። በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ጥያቄ ስለማይሰለቻት ጣቢያው በሙሉ «እትዬ ለምን» ይላታል። ለጡረታ ሰባት ወር ቀርቷታል። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤ ምላሷ ግን ገና አልደከመም። ኃላፊዋ የጉዳዩን ወረቀት ሲሰጣት «ያለቀ ነገር ነው» አላት። «ነዳፊዋ የኮንክሪቱን ውፍረት በስዕሉ ላይ አሳንሳዋለች። እስከ አሥር ሰዓት አስፈርመሻት ነይ።»

«ካለቀ እኔን ለምን ትልከኛለህ?» አለችና ወጣች።

የዲዛይን ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ክፍልና አንድ የስብሰባ አዳራሽ። ነዳፊዋ አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። በቢሮው «ሚሊሜትር» ነው የምትባለው፤ ለጥቂት ነገር ሰው እንቅልፍ ስለምትነሳ። ፊት ለፊቷ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አለ።

«አልፈርምም» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «ከፈለጉ እጄን ይቁረጡት።»

«ማነው ፈርሚ ያለሽ ልጄ?»

«አለቃችን ናቸው። ‹ሆን ብለሽ አይደለም፣ ስህተት ነው በይ፤ ጠበቃ እናቆምልሻለን› አሉኝ። እትዬ፣ የሞተው እኮ ታናሽ ወንድሜ ነው። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ዛሬ ጠዋት እናቴ ዓይን ዓይኔን እያየች ‹እውነት አንቺ ነሽ?› አለችኝ። ይህን ከፈረምኩ እናቴ በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ ቀበረች ማለት ነው።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሥራ ዘመኗ ብዙ ጥፋተኛ ሲያለቅስ አይታለች፤ ጥፋተኛ እንዲህ ሲቆጣ ግን እምብዛም አላየችም። «በይ እንደማያውቅ ሰው አስረጅኝ» አለቻት።

ነዳፊዋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዋሻው እንደ ዳቦ ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ወጣ፤ አራት ንብርብር ያለው ቅስት። «ከአለቱ ተነስቼ ወደ ውስጥ ነው የቆጠርኳቸው፤ ዋሻ የሚሠራው እንደዚያ ነው። አንደኛው አለቱ ላይ የሚረጨው ኮንክሪት ነው፤ ጣሪያውን ተሸክሞ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ውሃ ማስወገጃ ጨርቅ፣ ሦስተኛው ፕላስቲክ። አራተኛው መጨረሻ ላይ የሚሞላው ልስልስ ኮንክሪት ነው፤ ሾፌር የሚያየው። አንደኛውም አራተኛውም ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ናቸው። ያለፈው ረቡዕ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው በእኔ ስም አንደኛውን አሥራ አምስት አደረገው። ስድሳ ሜትር ሙሉ።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ምሳ ላይ። ፋይሉ ከተዘጋ ለመከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ምሳ ስወጣ ክፍት ትቼው ነው። ቢሮው በሙሉ ያውቃል።»

«ሰውየው ይህን ለምን ያደርጋል?»

«ቀዩን ለማጥፋት ነዋ። የጭነት መኪና ማለፊያው በአሥር ሴንቲ ሜትር አንሶ ኮምፒውተሩ ቀይ ያሳይ ነበር። ቁፋሮው ይስፋ ብዬ ለአለቃችንና ለገምጋሚው ጻፍኩ። ኀሙስ ስገባ ቀዩ ጠፍቷል። አስተካክለውታል ብዬ አለፍኩት። ሳላጣራ በማለፌ ራሴን ይቅር አልልም። እሱን ፈርሚ በሉኝ፣ እፈርማለሁ።»

«ውፍረቱ ሲቀየር የንብርብሩ ስም አይታይም?»

«በዚያ መስኮት የሚታየው ቁጥርና ውፍረት ብቻ ነው። ደግሞ የቱም ቢሳሳ ቀዩ ይጠፋል፤ የውጭው ጠርዝ አይነቃነቅም፣ ውስጡ ይሰፋል።»

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ቢሮው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ካለቀው የዋሻው ክፍል በመሰርሰሪያ የወጣ ናሙና ተጋድሟል፤ የክንድ ርዝመት ያለው፣ አራቱ ንብርብር ቁልጭ ብሎ የሚታይበት። መርማሪዋ እየደጋገመች አየችው። ከዚያ ሦስቱን በየተራ አስገባቻቸው።

መጀመሪያ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛው ገባ። ከናሙናው የትኛው አንደኛ እንደሆነ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። «እትዬ፣ እኔ የማውቀው ገመድና መሰኪያ ነው። ስለ ቀዩም ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ቀጥሎ ገምጋሚው። ሠላሳ ዓመት ዋሻ ውስጥ ያረጀ፣ ፊቱ የማይፈታ ሽማግሌ ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ሰድቤዋለሁ። እሱም ሰደበኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት፤ እዚህ ቤት አፍ ያለው እሱና እኅቱ ብቻ ናቸው።»

«ከእነዚህ አንደኛው የቱ ነው?»

ሽማግሌው ሻካራውን፣ አለት የነካውን ጫፍ በጥፍሩ መታ። «ይኼ ነዋ። ቤት ከመሠረት እንጂ ከቀለም ይጀመራል እንዴ?»

አለቃው መጨረሻ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የተለሳለሰ ሰው ነው። «በጣም ያሳዝናል። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን ሰው ናት፣ ትሳሳታለች።»

«እኔ ምንም አላውቅም፤ እርስዎ ያስረዱኝ እስቲ። አንደኛው የቱ ነው?»

አለቃው ልስልሱን ፊት በመዳፉ ዳሰሰው። «ከላይኛው ከሚታየው ነው የሚጀመረው። አንደኛ ይኼ፣ ከዚያ እያሉ ወደ አለቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አስፋልት ስሠራ እንዲሁ ነው የቆጠርኩት፤ ወደ ዋሻ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች መርማሪዋ።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ኃላፊዋ ነው። «ፈረመች?»

«አልፈረመችም። እኔም አላስፈርማትም።»

«ትእዛዝ እኮ ነው!»

«እንግዲያው ጡረታዬን ቀድመህ ስጠኝ» አለችና ዘጋችበት። ከዚያ አራቱንም ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«ስሙኝ» አለች። «አለት መቼ እንደሚወርድ፣ ማን ሥሩ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በስዕል ሰው ሊገድል ያሰበ የለም። ይህ ቂም አይደለም፣ ስህተት ነው። ስህተት ደግሞ ባለቤቱን ይመስላል።

«ያሳሳው ሰው ቀዩን ማጥፋት ነበር የፈለገው። ስለ ቀዩ የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ የጻፈችውና የተጻፈላቸው ሁለቱ። ስለዚህ አንተ ሂድ፣ ገመድህን ጠግን።» የጥገና ሠራተኛው ግን አልሄደም፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

«እስቲ የመኪና ማለፊያ ማስፋት የፈለገ ሰው የቱን ያሳሳል? ጣሪያ የተሸከመውን? የለም። የሚታየውን ልስልሱን ነው የሚያሳሳው፤ ከእሱ አሥር ሴንቲ ቢቀነስ በማግስቱ ሰው አይሞትም። ሰውየው ልስልሱን ያሳሳ መስሎት ቁጥር አንድን ነካ። ውፍረታቸው እኩል ነው፤ ስም የለም፤ ቀዩም ጠፋለት። ደስ ብሎት ሄደ። እሷ አንደኛውን ከአለቱ ነው የቆጠረችው፤ ቁጥሩን የሰጠችው ራሷ ናት። ሽማግሌውም ከአለቱ ነው የሚቆጥረው። ከሚታየው ፊት ጀምሮ የሚቆጥር አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። የአስፋልት ሰው።»

ሁሉም ወደ አለቃው ዞሩ።

«ይህ ማስረጃ አይባልም» አለ አለቃው።

«ቁፋሮው ይስፋ ስትልዎት ለምን አላሰፉትም? የቁፋሮው ልክ በማን ፊርማ ነው የጸደቀው?»

ገምጋሚው ቀድሞ መለሰ። «በእሱ። እኔ አንሷል ብዬ ነበር፤ አልሰማኝም።»

«ማስፋት ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነበር» አለች መርማሪዋ። «እሷን ከማመን ይልቅ በእሷ ወንበር ተቀመጡ። አለቱ ሲወርድ ግን የነኩት የቱን እንደሆነ ገባዎት። ያን ዕለት ነው ወረቀቱን ያዘጋጁላት።»

አለቃው የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። «ልስልሱን መስሎኝ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ቀጥሎ ወደ ነዳፊዋ ዞረ። «እኅቴ፣ ፕሮጀክቱ ቢቆም ስንት ሰው ከሥራ እንደሚፈናቀል ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ለሁላችንም ብዬ ነው። መቼም ትረጂኛለሽ።»

ነዳፊዋ ተነሳች። ዓመት ሙሉ እርስዎ እያለች፣ በር ላይ እያሳለፈች ያገለገለችው ሰው ነው።

«አንተ» አለችው።

ሽማግሌው ገምጋሚ እንኳ ቀና አለ።

«አንተ፣ ስማኝ። እኔን አትለምነኝ። እናቴ ቤት ትሄዳለህ። ፊቷ ተቀምጠህ በራስህ አፍ ‹ወንድ ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን በሴት ልጅሽ ላይ ያላከክኩትም እኔ ነኝ› ትላታለህ። አንዷን ቃል ብታስቀር እዚያው አስደግምሃለሁ። እስር ቤቱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።»

አለቃው መርማሪዋን አያት፤ በሕግ እንድታስጥለው ይመስላል። እትዬ ለምን ካቴናውን አውጥታ እጁ ላይ አጠለቀችና ቦርሳዋን አነሳች።

«እንሂድ» አለች። «በመንገዳችን ነው።»

የእናትየው ቤት ከጣቢያው በተቃራኒ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነበር።