የመርሴደስ ረግረግ ሳቢሳዎችና የክሪሳንቶ ላያ ፎቶግራፍ

የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ቅንጣት ጨምሬበት እንደሆነ ቀኝ እጄን አዞ ይብላው፤ ግራውን አስቀድሞ ስለ ቀመሰው ጣዕሙን ያውቀዋል።

በ፲፱፻፲ ዓመት በነሐሴ ወር የአፑሬ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ለብሶ ነበር፤ ከብቱ በየጉብታው ላይ ተጨናንቆ፣ ሰዉ በንዳድ ተመትቶ፣ ከእርስ በርሱ ጦርነት የተረፈውም ለምን እንደተረፈ ሳያውቅ ደክሞት የተቀመጠበት ዘመን ነው። በባሕር ማዶ ያሉ ወይዛዝርት ባርኔጣቸውን በሳቢሳ ላባ ያስጌጡ ነበርና፣ ይህች እግረ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ በመራቢያዋ ወራት ከጀርባዋ የምታበቅለው ቀጭን ላባ በወርቅ ሚዛን ይመዘን ጀመር።

የመርሴደስ ረግረግ ባለቤት ዶኛ ኤዱቪሂስ የሚባሉ መበለት ነበሩ፤ እርሳቸውም እንደ አባታቸው ልማድ ወፍ ሳያስገድሉ፣ ከዛፍ ሥር ወድቆ የተገኘውን ላባ ብቻ በታንኳ ያስለቅሙ ነበር። ኮሎኔል ሩፊኖ ባሪዮስ ግን አሥራ ሁለት ተኳሽ አስከትሎ መጣና «ረግረጉ ወፍ የማይራባበት ጠፍ ነው፤ እንድተኩስበት ይፈቀድልኝ» ሲል ለአውራጃው ሹም አመለከተ። ሹሙም «ጎጆ ካለበት ጥይት አይተኮስበትም፤ ከሌለ ግን ለሁሉ ክፍት ነው፤ ማስረጃ በሦስት ቀን ይቅረብ» ብሎ ፈረደ።

ዶኛ ኤዱቪሂስ ፎቶግራፍ አንሺውን ክሪሳንቶ ላያን ከሳን ፈርናንዶ አስጠሩት፤ በጦርነቱ መቶ አለቃ የነበረ፣ ወባ ያመነመነው ሰው ነው። ፎቶግራፍ የሚቀረጽባቸውን መስተዋቶች ሁሉ የሞቱ ሕፃናትን ለእናቶቻቸው ሲያነሣ ጨርሶ አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ወፎቹ ዝም ብለው ይቆሙልሃል?» አሉት እመቤቲቱ።

«እንጃ እመቤቴ፤ እስካሁን ዝም ብሎ የቆመልኝ የሞተ ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ እኔ ኤሊሴዮ ታፒያ እገባለሁ። ሥራዬ መንጋ ወንዝ ሲሻገር ቀንድ ያለው የበሬ ራስ ቅል ደፍቼ፣ እየዘፈንሁ ከፊት መዋኘት ነው፤ ከአፑሬ እስከ አራውካ የሚስተካከለኝ ዋናተኛ አልተወለደም፤ አንድ ጊዜም አሥራ ስምንት ክንድ አዞ መንገድ ለቆልኛል። ሳቢሳ ከብት አይፈራምና «በበሬ ቆዳና ቀንድ ተሸፍነን እንቅረብ» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ጄኔራሎች እንኳ እንዲህ ያለ ዘዴ አልመጣላቸውም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የልጄ የክርስትና እናት ኒኮላሳ ታንኳውን በረጅም እንጨት እየገፋች ወሰደችን።

«አበልጄ፣ ዛሬ ገና መልክህ ተስተካከለ» አለችኝ ቀንዱን ስደፋ።

«ዝም ብለሽ ግፊ።»

«ሆድህን ግን ሳብ አድርገው። ያረገዘ በሬ ካዩ ወፎቹም ይጠረጥራሉ።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለ ክሪሳንቶ፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። «ትኩሳቱ እስኪመለስ ድረስ እጄ የማይንቀጠቀጠው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

ወፎቹ በውሃው ላይ በጎነበሱት ቁጥቋጦዎች ላይ ሰፍረው፣ አገሩ ሁሉ የጥጥ እርሻ መስሎ ነበር፤ ጫጩቶቹን ሳልጨምር ሦስት መቶ ሺህ ቈጠርሁ። ወደ ውሃው ወረድን፤ እኔ ከፊት፣ ክሪሳንቶ የፎቶግራፍ ሣጥኑን ከነሦስት እግሩ ተሸክሞ ከኋላዬ፣ ሁለታችንም በአንድ ቆዳ ሥር። ሃያ እርምጃ ሲቀረን ክሪሳንቶ ሣጥኑን ጭቃው ውስጥ ተከለው፤ እኔንም «ጥቂት ወደ ፊት ሂድና አረጋጋቸው» አለኝ።

ሄድሁ፤ ውሃው ደረቴ ላይ ደረሰ። ቀንድ በራሴ፣ ውሃ በደረቴ ሲሆን ደግሞ አፌ የእኔን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሃያ ዓመት የለመደውን «ና በሬዬ፣ ና ተከተለኝ፣ ማዶው ለምለም ነው» ብሎ ጀመረ። በአጠገባችን ባለው ጉብታ ላይ ሁለት ሺህ የዶኛ ኤዱቪሂስ ከብት ነበር፤ ድምፄን ሰምቶ ያልተከተለኝ ከብት በአፑሬ የለምና ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ወፉም ተነሣ፤ ሰማዩ ነጭ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን በድንጋጤ ይሰጥም ነበር። እኔ ግን ዜማውን ወደ መንጋ ማረጋጊያው ለወጥሁት፤ ከብቱ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሕዝብ ቀጥ አለ፤ ወፎቹም አንድ በአንድ ወደየጎጆአቸው ተመለሱ፤ ሁለቱማ ቀንዴ ላይ አረፉ። ክሪሳንቶ የሣጥኑን ዓይን ክዳን አነሣ፣ እስከ ስድስት ቈጠረ፣ ከደነ።

ሹሙ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ኮሎኔሉንም ከነተኳሾቹ ከአውራጃው አስወጣው። ክሪሳንቶ በታኅሣሥ በንዳድ ሞተ፤ የሳን ፈርናንዶ መዝገብ የሹማምንቱን ስም ከነማዕረጋቸው ሲያኖር የእርሱን ረሳው፤ የእኔንማ ማን ሊጽፈው። ደክሞት የነበረ ዘመን ነውና ያስታወሰው ብዙ ጩኸት ያሰሙትን ብቻ ነው። ይህን ለማቅናት አሥር ዓመት በየድግሱ ተናገርሁ፤ አሁን ደግሞ ጻፍሁት።

ጽፌ ስጨርስ ለኒኮላሳ አነበብሁላት፤ ዓሣ እየሰነጠቀች ጨው ትነሰንስ ነበር፤ እጇ አላረፈም።

«ከብቶቹ አልቆሙም አበልጄ» አለች በቀስታ። «ቁጥቋጦውን ከነጎጆው ደረመሱት። ወፎቹም አልተመለሱም። ክሪሳንቶ ያነሣው የተሰባበረ እንጨትና የአንተን ጀርባ ነው። ሹሙ ያንን አይቶ ለኮሎኔሉ ፈረመለት፤ የሸሹትንም ወፎች ተኳሾቹ ታችኛው ደን ድረስ ተከትለው ጨረሷቸው።»

«ታዲያ አሥር ዓመት ሙሉ ሳወራ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስታወራው ወፎቹ ያሉ ይመስለኝ ነበር» አለች፤ ሌላ ዓሣ አነሣች። «ወረቀት ላይ ግን አታስፍረው። የክርስትና ልጄ ማንበብ ጀምሯል።»